«2013» በማን አቆጣጠር?

ያን ቀን ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር፤ ባልጽፈውም ደስ ባለኝ። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ለሰንበት ተማሪዎቼ የሚሆን ደብተር ከአንድ መጋዘን ልወስድ ካምፓላ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ስሄድ መንገድ ላይ ዶፍ ወረደብኝ። የተሳፈርኩበት የቦዳ፣ የሞተር ብስክሌት ታክሲ፣ ነጂ «ሴቦ፣ ጌታው፣ እዚህ ይሻልሃል» ብሎ አንድ ጋራዥ በር ላይ አወረደኝና ሄደ። ቆርቆሮው ሥር ገብቼ ራሴን ስጠርግ ከውስጥ የማውቀው ድምፅ ሲቆጣ ሰማሁ።

ድምፁ የአቶ መሸሻ ነበር። አቶ መሸሻ በካምፓላው ካንሳንጋ ሰፈር የእኛ ሰዎች እድር ሊቀ መንበር ናቸው። በአገራቸው ሳሉ ሠላሳ ዓመት የአሰብን መንገድ በካሚዮን ተመላልሰውበታል፤ እዚህ ከተሰደዱ ወዲህም ሥራቸው ያው መሪ መጨበጥ ነው። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘርፈሽና ከአንዲት ልጃቸው ከሔሊና ጋር ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ወደ ሦስተኛ አገር የመሄጃ ቃለ መጠይቅ በመጨረሻ ለሰኔ 7 ተቀጥሮላቸዋል። ሔሊና ሐምሌ 12 ሃያ አንድ ዓመት ይሞላታል፤ ሃያ አንድ የሞላው ልጅ ደግሞ ከወላጆቹ ፋይል ይነጠላል። ስለዚህ ያቺ ሰኔ 7 ካለፈች ሌላ ቀን የላቸውም።

ከፊታቸው በትሕትና የቆመው ባምላክ ይባላል። እዚሁ ካምፓላ አድጎ፣ ዋንዴገያ አጠገብ ካለው ዩኒቨርሲቲ በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ፣ ቢሮ ሳይመርጥ ጋራዥ የገባ ወጣት ነው።

«ጋሼ መሸሻ፣ ዘይቱን ቀይሬልዎታለሁ» ይላል። «ነገር ግን የታይሚንግ ቺንጋውን ነገር ሳልነግርዎት ብሸኝዎት ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። መኪናዋ ሃያ ዓመት አልፏታል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋም ሞቷል። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ካላወቅን፣ እንዳልተቀየረ ቆጥረን ዛሬውኑ መቀየር ነው።» ቺንጋ የሚለው የሞተሩን ክፍሎች አያይዞ የሚያዞረውን ቀበቶ ነው።

«ማን አላወቀም? ሥዩም መኪናዋን ሲሸጥልኝ ‹ቺንጋው ተቀይሯል፤ ኮፈኑ ሥር ተጽፏል› ብሎኛል። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞስ ልጄ፣ ለእኔ ሞተር ልታስተምር ነው? ሞተር ሲታመም ገና በጆሮዬ ነው የማውቀው።»

«እሱማ የታወቀ ነው፣ ጋሼ። ግን የእርስዎ ካሚዮኖች ቺንጋ አልነበራቸውም፤ የብረት ጥርስ ነበራቸው። ብረት ሲያረጅ ይጮኻል፣ ሹፌሩም ይሰማዋል። ይህ ጎማ ነው። ጎማ ሲያረጅ ዝም ብሎ አርጅቶ፣ አንድ ቀን ዝም ብሎ ይበጠሳል። እሱ ሲበጠስ ቫልቮቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ፣ ፒስተኑ ከሥር መጥቶ ይመታቸዋል። ያን ጊዜ ሥራው ቺንጋ መቀየር መሆኑ ይቀርና ሞተር መፍታት ይሆናል።»

«ካልጮኸ ማርጀቱ በምን ይታወቃል?»

«በሄደበት መንገድና በዕድሜው። እንዲህ ላለችው መኪና መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ያህል ባትሄድም ደግሞ ከስድስት ሰባት ዓመት አያልፍም። ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ግማሽ ቀን ቢሰጡኝ ይበቃኛል።»

አቶ መሸሻ እጃቸውን አወናጨፉ። «ያልታመመ ሰው ሆዱ አይቀደድም! የተከፈተ ሞተር እንደ ቀድሞው አይገጥምም። ደግሞ እኔ ከዚህ አገር ልሄድ ነው። ቃለ መጠይቁ ካለፈ መኪናዋን እሸጣታለሁ፤ የሚገዛት ይቀይር። የማን ሎሌ ሆኜ ነው ለሌላ ሰው ቺንጋ የማስገባው?»

ይህችን ንግግር ልብ በሉልኝ። ሥዩምም ሲሸጥ፣ ከሥዩም በፊት የነበረውም ሲሸጥ «የሚገዛት ይቀይር» ብለው ይሆናል። ለሚመጣው ሰው የተተወ ሥራ ሁሉ በመጨረሻ አንድ ሰው እጅ ላይ ይፈርሳል፤ ያ ሰው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይመስለናል።

ባምላክ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ክዳን ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት በጨርቅ ጠረገና አነበበ። «02/2013። ስምንት ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል፣ ጋሼ።»

አቶ መሸሻ ከት ብለው ሳቁ። «ስምንት ዓመት! ለመሆኑ አሁን ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

«ሁለት ሺህ ሃያ አንድ።»

«በማን? በአገርህ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነው! ሁለተኛው ወር ጥቅምት ነው። ጥቅምት 2013፣ ገና ሰባት ወሩ! ሐበሻ የሸጠልኝን መኪና በፈረንጅ ዘመን ታነብልኛለህ? ጉድ እኮ ነው፤ ዲግሪ ጭኖ የአገሩን ዓመት አያውቅም!»

«ይህን የጻፈው አቶ ሥዩም አይደለም፣ ጋሼ፤ መካኒክ ነው። የዚህ አገር መካኒክ ጥቅምት የሚባል ወር አያውቅም።»

«እንግዲያው መምህር ይፍረድ!» አሉና እኔን አዩኝ። «መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣህ። ና እየው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወረቀቷ ከሙቀቱና ከዘይቱ የተነሣ የሻይ መልክ ይዛለች። ጠርዟ ተበልቷል፤ ከቁጥሩ በላይ ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሊጠፋ ደርሷል። የሰባት ወር ወረቀት እንዲህ አይሆንም። ወዲያው አወቅሁ። ሦስት መካኒኮች ሥራቸውን ትተው ያዩናል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋና ደመወዜ ሲቋረጥ፣ አቶ መሸሻ ከቤት ቤት ዞረው ለልጆቼ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄትና ባቄላ አሰባስበውልኛል። እኒህን ሰው ልጃቸው በሚሆን ወጣት ፊት ላሳፍራቸው?

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አልኩ። «ጋሼ መሸሻም አልተሳሳቱም፣ ባምላክም ለጥንቃቄው ልክ ነው።»

ባምላክ ትክ ብሎ አየኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ መምህር» አለ በዝግታ፣ ከዚያም መፍቻውን ይዞ ወደ ሌላ መኪና ሄደ። አቶ መሸሻ ኮፈኑን ድርግም አድርገው ዘጉ። ዝናቡ ሲያባራ እኔንም ደብተሮቼንም በዚያችው መኪና ቤቴ ድረስ አደረሱኝ፤ መንገዱን ሙሉ ስለ አሰብ ሲያወሩልኝ እኔ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ስል ነበር።

ሰኔ 7 የሆነውን የነገረችኝ ሔሊና ናት። ቃለ መጠይቁ ኢንቴቤ ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተቀጥሮ ነበርና፣ መንገድ እንዳይዘጋጋባቸው በሙንዮንዮ በኩል ወጥተው ፈጣኑን መንገድ ያዙ።

«ምንም ድምፅ አልነበረውም፣ መምህር» አለችኝ። «አባባ እዚያ ስንደርስ ምን እንደምንመልስ እያስጠናን ነበር። ሞተሩ ዝም አለ። መኪናዋ በራሷ ጊዜ እየተንሸራተተች ሄዳ ቆመች። አባባ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ሞተሩ ባዶውን ይሽከረከራል እንጂ አይነሣም። ያን ጊዜ ፊቱን አየሁት። ገብቶታል።»

በዚያ ፈጣን መንገድ ቦዳ አይገባም፤ ታክሲም ሰው ለመጫን አይቆምም። ለምነው ያቆሙት አንድ የጭነት መኪና እስኪገኝ ድረስ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሙ። ሲደርሱ ስማቸው ተጠርቶ አልፏል። በሩ ላይ የነበረችው ሴት በትሕትና «ሌላ ቀን እናሳውቃችኋለን» አለቻቸው። በአራተኛው ቀን አገሩ ሁሉ በኮቪድ ተዘጋ። ሐምሌ 12 ቤት ውስጥ እንደተቀመጡ አለፈች፤ ያን ዕለት በዚያ ቤት እንኳን አደረሰሽ ያለ ሰው የለም። አዲሱ ቀጠሮ በጥቅምት 2014 መጣ፣ መልሱም ከገና በኋላ፤ አባትና እናት አልፈዋል፣ የልጅቷ ፋይል ለብቻው ተነጥሎ እንደ አዲስ ይታያል። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚናገር የለም። ወይዘሮ ዘርፈሽ «ልጄን ጥዬ የት ልሄድ!» ብለው ወር ሙሉ አለቀሱ። ስኳራቸው ግን እየባሰ ሄዶ ነበርና «ሂዱ፣ እማዬ» ያለችው ሔሊና ራሷ ናት።

ባለፈው ሚያዝያ አቶ መሸሻ «ና፣ ጋራዥ አብረን እንሂድ» ብለው ጠሩኝ። ለጉዟቸው ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። መኪናዋ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ባምላክ ግቢ ቆማ ከርማለች፤ አሁን ለሔሊና ትሁን ብለው አሠርተዋታል። ሔሊናም መጥታለች። ባምላክ ከሞተሩ የወጡትን ቫልቮች ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸዋል፤ ሁሉም እንደ ክፉ ሚስማር ተጣመዋል። አቶ መሸሻ አንዱን አንሥተው ሲያገላብጡት ቆዩ።

«ቺንጋው ብቻ ነው የተቀየረው?» ብለው ጠየቁ።

«መወጠሪያውንም የውኃ ፓምፑንም አብሬ ቀይሬያለሁ፣ ጋሼ። ያንኑ ቦታ ሁለት ጊዜ ከመክፈት ይሻላል።»

«ደግ አደረግህ። ስማኝ ልጄ፤ ያን ቀን ግማሽ ቀን ስጠኝ ብለኸኝ ነበር። ጠዋት ብተዋት ማታ እወስዳት ነበር። ሰኔ 7 በሰዓቱ እንደርስ ነበር። እኔ ግን በጆሮዬ ተመካሁ፤ ጆሮዬ የሚያውቀው ብረት ነው፤ አንተ ግን ስለ ጎማ ነበር የነገርከኝ። አሁን በካንሳንጋ አሮጌ መኪና የገዛን ሰው ሁሉ ኮፈኑን አስከፍተዋለሁ። ‹ቺንጋህን ታውቀዋለህ?› እለዋለሁ። ‹የሸጠልህ ሰው ቃል ቀን አይሆንም፤ ቀኑ ከጠፋብህ ቀይረህ ከዛሬ ጀምረህ ቁጠር፤ ልትሸጣት ብታስብም ቀይር፣ እስክትሸጣት የምትሳፈርባት አንተ ነህ› እለዋለሁ። ይስቁብኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል። ይበሉ።»

ባምላክ አንገቱን ደፍቶ ቫልቮቹን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። አቶ መሸሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ያን ዕለት ወረቀቷን ስታይ አውቀህ ነበር?»

ሔሊና አጠገቤ ቆማለች። አሁንም ምላሴ ላይ ያቺ የለመድኳት «ሁለቱም ሊሆን ይችላል» መጣች። ዋጥኳት።

«አውቄ ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ።»

ቫልቩን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት። «ልጄ ፊት በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደማፍር ታውቃለህ?» አሉኝ፤ አልተቆጡም። ብዕርና አዲስ ወረቀት አወጡና ሰጡኝ። «ጻፍ። ቺንጋው የተቀየረበትን ቀን። ያን ጊዜ ያልተናገርከውን አሁን ጻፍልኝ።»

አንባቢዬ፣ ስለ ቺንጋ የሚነገረውን አቶ መሸሻ ነግረውሃል፤ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውም ለዚሁ ነው። እኔ የምጨምረው ይሉኝታን ነው። ይሉኝታ የምታከብረውን ሰው ከአንድ ሰዓት ሐፍረት ታድነውና ለዕድሜ ልክ ጸጸት ትሰጠዋለች። ታላቅህ ሲሳሳት ካየህ ወደ ጥግ ወስደህ፣ «እርስዎ» ብለህ፣ አጎንብሰህ ንገረው። እኔ በዚያች መኪና እስከ ቤቴ ድረስ ከእርሳቸው ጋር ብቻዬን ተቀምጬ ነበር፤ ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

«ሚያዝያ 2014» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ኤፕሪል 2022» ጨመርኩ። ሔሊና በትከሻዬ በኩል እያየች ነበር።

«መምህር፣ ‹እ.ኤ.አ.› የሚለውን ይጨምሩበት» አለችኝ። «ሰው እንዳይሳሳት።»

ጨመርኩበት። ሦስት ፊደል ነው።