የአዋቂዎች ተረት

ዘጋቢ ነኝና የሁለቱንም ወገን ሳልሰማ አልጽፍም። ያን ቀን ግን በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ትሮይቪል በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ የእኛው አገር የፊልም ዳይሬክተር ፊት ተቀምጬ ንዴቴን መዋጥ አቃተኝ። አብራኝ የሄደችው አስቴር የሆሳዕና ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊ። የኮሮናው ሎክዳውን ሥራ ባሳጣት ጊዜ ይህ ሰው «የአዋቂዎች ተረት ነው» ብሎ የንግሥት ካባ አሰፋት። ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ለካ የወሲብ ፊልም ነው። ፖስተሩ ላይ ደግሞ ስሟ ከነአባቷ ተጽፏል። ያዩት የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ከመዘምራኑ አስወጧት።

«አዋቂ ስትለኝ ጠንቋይ ያለበት ተረት መስሎኝ!» አለችው። «እሱንም ጸልዬበት ነው የሰፋሁት!»

«አስቱዬ፣ ይሄ እኮ ጥበብ ነው» አለ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ። «ሌሎቹ መጋረጃ አልብሰው ይቀርጻሉ፤ እኔ በእጅ የተጠለፈ ካባ ነው ያሠራሁት። ስምሽን የጻፍኩት አክብሬሽ ነው።»

ፖስተሩን ስልኬ ላይ ደግሜ አየሁት። ዳይሬክተር በሚለው ቦታ የማላውቀው የፈረንጅ ስም ተጽፏል።

«የአንተስ ስም የታለ?» አልኩት።

«እሱ... የጥበብ ስሜ ነው።»

ድምፄ ከፍ አለ። «የሚያኮራ ከሆነ ለምን ተደበቅህ? እሷንስ ለምን አልጠየቅካትም?»

አስቴር አልጮኸችም። «ስሜን አጥፍተሃል፤ አሁን ከዚያ ላይ አጥፋልኝ» አለችው።

ላፕቶፑን ከፍቶ ሰረዘው። «ቦታው ባዶ ሲሆን ያስጠላል። ማን ብዬ ልጻፍ ታዲያ?»

«የእናትህን ስም ጻፍበት!» አለችው አስቴር።

ባዶውን ተወው።