የአቶ ደረሰ አንድ ድምፅ

በዚያ ዓመት ጥር የሚኒያፖሊስ ብርድ እንዴት ያለ መሰላችሁ፤ ሰው «እንደምን ዋልክ» ሲል ቃሉ በረዶ ሆኖ ከእግሩ ሥር ይወድቅና መልሱ የሚሰማው ፀደይ ሲመጣ ነበር። ዋሽቼ ከሆነ ፊሊፕስ ሰፈር የከረመ ይመስክርብኝ። ታዲያ አንድ ቀን በቀትር ጡረተኛው አቶ ገብረትንሳኤ ባርኔጣቸውን ጥለው ከሐበሾች መረዳጃ ማኅበር አዳራሽ ሲሮጡ ወጡ። ደጃፉ ላይ ከሥራ ሺፍቷ አርፍዳ ከምትመጣው ነርስ ከጽጌሬዳ ጋር ተላተሙ።

«አባባ ገብረትንሳኤ! ምን ነካዎት?»

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አትግቢ! ሊቀ መንበር መረጥን።»

«ታዲያ ምን አለበት? ማንን?»

«አቶ ደረሰን።»

ጽጌሬዳ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቀረ። ማኅበሩን ከተመሠረተ ጀምሮ የመሩት አቶ ደረሰ በገና ሰሞን ተቀብረዋል። አፈር ካለበሷቸው አንዱ ገብረትንሳኤ ራሳቸው ነበሩ።

«ስብሰባ መሪው እንደ ልማዱ ‹አቶ ደረሰ ይቀጥሉ የምትሉ› አለ። እጅ ሁሉ ወጣ። የእኔም! እኔ አላወጣሁትም፤ ራሱ ወጣ። ከዚያ ባዶ ወንበራቸው ሲጢጥ አለ። እንደ ድሮው ጉሮሮም ተጠረገ።»

አይፈረድባቸውም። ስንት ዓመት ሙሉ ሰዉ የጎረቤቱን እጅ እያየ፣ በአቶ ደረሰ ዓይን ሥር በይሉኝታ እጁን ሲያወጣ ኖሯል። እጅ መንገዱን ከለመደ በኋላ ባለቤቱን አያስፈቅድም።

«ሁለት የሥራ ዘመን ያገለገለ ይውረድ የሚል ሕግ ነው የሚያስፈልገን» አሉ ገብረትንሳኤ። «የዚህ አገር ሰዎችም ስለ ፖለቲከኞቻቸው በሬዲዮ የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው።»

«እንግዲያውስ ሰገነትም ዛሬ ትወርዳለች።»

ሰገነት የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ ሁለተኛ ዘመኗ ማለቁ ነው። የገብረትንሳኤ ባለቤት ሆስፒታል በተኙ ጊዜ እያስተረጎመች ካልጋው ሥር ያልተለየች እሷ ነበረች። አዛውንቱ ጢማቸውን አሹ።

«እሷስ ትቆይ…»

«አዩ? የዘመን ገደብ ማንን እንዳንመርጥ ይነግረናል እንጂ እጃችንን ነፃ አያወጣም። አቶ ደረሰ በሕይወት ሳሉ ቢወርዱ የአክስታቸው ልጅ ይተካ ነበር፤ እጃችንም ያው ይወጣ ነበር። በወረቀት፣ በምስጢር እንምረጥ። ተወዳዳሪው አንድ ብቻ ከሆነም ‹አልፈልገውም› ማለት ይቻል። ተመራጩ በየዓመቱ ፊታችን ቆሞ ይጠየቅ፤ ከከፋም ዘመኑ ሳያልቅ በድምፅ እናውርደው።»

«ተደብቄ ልምረጥ? እንደ ሌባ?»

«ቅድም እጅዎ ሲወጣ ፈልገው ነበር?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ታዲያ ተደብቀው ቢሆን ኖሮ ማንን ይሰርቁ ነበር?»

ተያይዘው ገቡ።

ጽጌሬዳ ያንኑ ለጉባኤው ተናገረች። ወደ ወንበሩ ቀና ብሎ ለማየት የደፈረ ስላልነበረና ሁሉም መገላገል ስለፈለገ የተቃወመ የለም። አንድ በአንድ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ጀርባ እየገቡ የፈለጉትን ስም ጽፈው በብስኩት ቆርቆሮ ከተቱ። የገብረትንሳኤ ቀኝ እጅ እዚያም ሽቅብ ሊል ሞከረ፤ በግራቸው ጨምድደው ይዘው ጻፉ።

ሲቆጠር ሰገነት ሊቀ መንበር ሆነች። ለአቶ ደረሰ የተሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ወረቀቱ ግን ከሰዉ በአንድ በለጠ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ቆጣሪው።

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። በሩ ማንም ሳይነካው ተከፈተ፤ በበረዶው ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚሄድ ዱካ ታየ።

ከዚያ ወዲህ በማኅበሩ ሰነፍ ተመራጭ ዓመት ሳይሞላው ይወርዳል፣ ጎበዙ ስለቆየ ብቻ አይባረርም፣ ጎረቤትም በምርጫ አይኳረፍም። ገብረትንሳኤም ለጠየቃቸው ሁሉ እንዲህ ይላሉ፦

«እጅ ስናወጣ ሁላችንም የእሳቸው ነበርን። በወረቀት ሲሆን ለካ እሳቸውም እንደኛው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው።»