ወደ ውጭ የቀረው ፊደል

በደርግ ጊዜ አዋሽ ልብስ ስሰፋ፣ ሻይ ሻጯ እመት ዘይነብ ከአሮጌ ልብስ የጣጣፉትን ድሪቶና ነፋስ ገንጥሎ የጣለውን ቀይ የመፈክር ጨርቅ ይዘው መጡ። «በዚህ ዙሪያውን ክፈፍልኝ» አሉኝ። ፊደሉን ወደ ውስጥ እያጠፍኩ ከፈፍኩት። አንዷ ማዕዘን ላይ ግን ጨርቁ ተገለበጠብኝና «ወደ ጦር ግንባር» የሚለው ወደ ውጭ ቀረ። ልፈታው ምላጭ ሳነሳ የቀበሌው ካድሬ ከች አይልም? የመፈክር ጨርቅ ቆርጦ መስፋት ያሳስር ነበር።

አነበበና «እማማ፣ ድሪቶውም ሊዘምት ነው እንዴ?» አላቸው።

«ወላሂ አይዘምትም! ሁለቱም ልጆቼ ዘምተዋል። የጣጣፍኩት የእነሱን ሸሚዝ ነው፤ እሱ እንኳ ይቅርልኝ።»

ካድሬው ማዕዘኗን በጣቱ ሲዳብስ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። «ፊደሉን ወደ ውስጥ እጠፈዋ!»