ባለቤቱ ከከፈተ ብቻ

የሰው ምክር አልሰማ ያለውን ጉልበቱ ይመክረዋል። ጋሽ ካቻቢቴን የመከረው ቀኝ ጉልበቱ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ በከረመ ሕንፃ ውስጥ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ የመሣሪያ ቦርሳውን ታቅፎ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ወደ ላይ መውጣት አቅቶታል፤ ወደ ታች መውረድ ደግሞ ክብሩ አልፈቀደለትም።

ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው። ካቻቢቴው ከደረት ኪሱ ስለማይጠፋ ሰፈሩ የእናት አባቱን ስም ትቶ በመሣሪያው ይጠራዋል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ ካልሆነም ሱቁን ዝጋ» ብሎት ነበር። እሱ ግን «ምድር ቤት የሚሠራ ሐኪም ደረጃን የት ያውቃታል» ብሎ ንቆት ወጣ። የናቀው ለአፉ ነው እንጂ «ሱቁን ዝጋ» የምትለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምራ እንቅልፍ ነስታዋለች። ከሱቁ ሌላ የሚያውቀው ዓለም የለውማ።

አሁን የሚጠብቀው ደንበኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የልጅነት ጓደኛው፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር። የመምህሩ እግር ከእሱም የባሰ ስለሆነ ከቤት አይወጣም፤ ልጆችን የሚያስተምረው በኮምፒውተር ነው። ከትናንት ጀምሮ ግን ድምፁ ለተማሪዎቹ አልሰማ አለ። ልጆቹ ደግሞ ነገ ይፈተናሉ።

በዚህ መሐል ከላይ የእግር ኮቴ መጣ። የእህቱ ልጅ ናት። የኮምፒውተር ትምህርቷን ጨርሳ ከእሱ ጋር ሱቁ ውስጥ ትሠራለች፤ አምስተኛ ፎቅ ላለ ቢሮ ፕሪንተር አድርሳ እየተመለሰች ነበር።

«አጎቴ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ደረጃውን እየጠበቅኩ ነው» አላት። «እንዳይወስዱት።»

ከአጠገቡ ተቀመጠች። «ጉልበትዎ ነው አይደል?»

«ጉልበቴ ደኅና ነው። ደረጃው ነው የረዘመው።»

«ቅር ካላልዎት አንድ ነገር ልናገር። ከዚህ በፊትም ብዬዎታለሁ። የደንበኞቻችንን ኮምፒውተር ሱቃችን ቁጭ ብለን ከርቀት ብንጠግን፣ ከነዚህ ደረጃዎች እኩሌታውን አይወጧቸውም ነበር። እንዲህ ከቀጠሉ ሱቁን የሚዘጋው ጉልበትዎ ነው።»

«እኔም ከዚህ በፊት እምቢ ብዬሻለሁ። ያላየሁትንና ያልነካሁትን ማሽን ጠግን ትይኛለሽ? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም።»

«እንግዲያው አብረን እናቡካዋ» አለች ፈገግ ብላ። «የተቃጠለውን፣ የተሰበረውን፣ የሚጨሰውን ደንበኞቹ ወደ ሱቅ ያምጡልን፤ በእርስዎ እጅ ይጠገን። የመምህሩ ማሽን ግን አልተሰበረም። የተዛባው ውስጡ ያለው ፕሮግራም፣ ሐሳቡ ነው። ሐሳብ ለማቃናት ካቻቢቴ ምን ያደርጋል?»

ነገሩ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ደግሞ የበለጠ አናደደው።

«የልብስ ሰፊዋን ነገር ረሳሽው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የማታውቀው ሰው ደውሎ ‹ጠጋኝ ነኝ፣ ኮምፒውተርሽ ታሟል፣ አስገቢኝ› አላት። ምስኪን፣ አመነችና አስገባችው። ዓይኗ እያየ የሟች ባሏን ፎቶዎች ሁሉ ቆልፎ ሄደ። ኮምፒውተሩን ወደኔ ይዛ መጣች፤ መልሼ ላመጣላት አልቻልኩም። ‹ጠፍቷል› ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም። ማሽኑን በሻርፗ ጠቅልላ ወጣች። ያ ሰውዬ በገባበት መንገድ ልገባ? አላደርገውም።»

ልጅቱ እባብ ያየ በልጥ በረየ ብላ ልታልፈው ትችል ነበር፤ አልፈለገችም፣ ፍርሃቱ የደግ ሰው ፍርሃት ነውና።

«አልረሳሁትም» አለች። «ግን አጎቴ፣ ሌባ በበር ገባ ተብሎ በር የሌለው ቤት አይሠራም። የሚያከራክረን በሩ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ነው። እስቲ እርስዎ ራስዎ ይምረጡ።»

ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ከፈተችው። መጀመሪያ ያሳየችው እሷ አብልጣ የምትወደውን ሶፍትዌር ነው። «ይኼ አንዴ ከተጫነ በቃ። የይለፍ ቃሉ እኛ ጋ ይቀመጣል። በፈለግን ሰዓት ገብተን እንሠራለን፤ ባለቤቱ ባይኖርም።»

«ባይኖርም?»

«አዎ፣ ለሥራ ይፈጥናል። ትልልቅ ድርጅቶች እኮ የሚጠቀሙት ይኼንኑ ነው።»

«ድርጅት ዘበኛ አለው፣ አለቃ አለው፣ ተቆጣጣሪ አለው። እኔ ያለኝ ስሜ ነው። የሰፈሩን ሁሉ ቁልፍ አንጠልጥዬ ልዞር? አንድ ቀን የኛ ቁልፍ ቢሰረቅ የስንቱ ቤት አብሮ ይዘረፋል? ወዲያ በይው።»

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር ከተባለ ልጅቱ በትምህርት ቤት ስለ ፍጥነት ብዙ ተምራለች፤ ስለ ቁልፍ አደራ ግን ያስተማራት አልነበረም። ሁለተኛውን ከፈተች።

«ይኼኛው ደግሞ በነፃ ነው።»

«ለማን?»

ሳል ሳል አለች። «ለ... ለቤት አገልግሎት።»

«እኛ ለቤት አገልግሎት ነን?»

«አይደለንም» አለች፤ ጆሮዋ ቀላ። «ባለፈው ሳልነግርዎት የፋርማሲዋን ኮምፒውተር በሱ ስሠራ፣ ነጋዴ መሆኔን አወቀብኝና መሐል ሥራ ላይ ዘጋብኝ። ተጀምሮ ያላለቀውን ሥራ በእግሬ ሮጬ ሄጄ ነው የጨረስኩት።»

ጋሽ ካቻቢቴ ሳቀ፤ ሳቁ ደረጃውን ሞላው። ጉልበቱን ለጊዜው ረሳው። «ደግ አደረገ። ይኼን ካቻቢቴ ገዝቼው ነው የምሠራበት። ለንግድ የተፈቀደውን ከፍለን እንይዛለን፣ ካልሆነ አንይዝም።»

ሦስተኛውን ስታሳየው ጥንቃቄ ገባት። «ይኼ የንግድ ነው። ደንበኛው ሲፈልገን ራሱ ይከፍተዋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን ያነብልናል። ቁጥሩ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ‹ፍቀድ› የሚለውን ካልተጫነ አንገባም። የምናደርገውን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ያያል። ካልተመቸው ቀዩን ምልክት ይነካና ያስወጣናል።»

«ካስወጣን በኋላ ተደብቀን አንቀርም?»

«በፍጹም።»

«መሐላ አልጠየቅኩሽም። አሳዪኝ።»

ይኼኔ ከላይ ዱላ የደረጃውን ብረት ቀጠቀጠ፤ የመምህሩ ድምፅ ተከተለ። «አንተ ሰውዬ፣ መጣሁ ካልከኝ ወዲህ ፂሜ አደገ። ልጆቹ ሊገቡ ነው።»

ጋሽ ካቻቢቴ ወደ ላይ አየ፤ ቀጥሎ ጉልበቱን አየ። ስልኩን አወጣና ደወለለት፤ ልጅቱ የነገረችውን ሁሉ ቃል በቃል አስረዳው።

«እምቢ» አለ መምህሩ። «የማላየው ሰው ቤቴ አይገባም።»

«ምን ሆነሃል፣ ታያለህ እኮ» አለ ጋሽ ካቻቢቴ። «የማደርገውን ሁሉ ከኔ ጋር ነው የምታየው። መጀመሪያ እንዳይ የማትፈልገውን ደብዳቤህንም ፎቶህንም ዝጋ። ቁልፉ ካንተ ዘንድ ነው። ካልተመቸህ ቀዩን ንካና አባረኝ። በበር ሳንኳኳ ስንት ዓመት ሙሉ ያስገባኸኝ ሰው አይደለሁም እንዴ?»

እንዲህ ሲከራከር የሰማ፣ ነገሩን የፈለሰፈው እሱ ይመስለዋል። ልጅቱ ፈገግታዋን ለመደበቅ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። ልባም ልጅ ናት።

መምህሩ እየተነጫነጨ ልጅቱ የላከችለትን ሶፍትዌር ከፈተና ቁጥሩን አነበበ። «ለሦስት ይካፈላል» ሲል ጨመረበት። የመምህሩ ስክሪን ላፕቶፑ ላይ ብቅ አለ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ።

«ምነው?» አለ ጋሽ ካቻቢቴ በስልኩ።

«በርግጥ ይዘጋ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው። ይዘጋል ስላልከኝ አምኜ ልቀመጥ?»

ጋሽ ካቻቢቴ የእህቱን ልጅ ጠቀሳት። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ደስ ብሎታል። ያው ቁጥር ተመልሶ ይሠራ እንደሆነ አስሞከራት፤ አልሠራም። መምህሩ አዲስ ቁጥር አነበበ። «ይኼኛው ለሦስት አይካፈልም፤ ግን ይሁን» ብሎ ፈቀደ።

የማውሷ ቀስት በመምህሩ ስክሪን ላይ ጋሽ ካቻቢቴ እንደመራት ሄደች። ልጅቱ መንገዱን አሳየችው፣ ጥፋቱን ያገኘው ግን እሱ ነው። ማሽኑ ራሱን በራሱ ሲያድስ፣ ፊቱ የተሰካውን ማይክሮፎን ትቶ፣ የሌለ ማይክሮፎን ድምፅ እየጠበቀ ነበር። አቃናውና «እስቲ ተናገር» አለው።

«የሦስት ማዕዘን የውስጥ ማዕዘኖች ድምር...» አለ መምህሩ፤ ድምፁ ከፎቁም ከስልኩም ከላፕቶፑም አንድ ላይ መጣ። ጋሽ ካቻቢቴ ከዚያ ደረጃ ላይ ሳይነሳ ጠጋኝ ሆኖ መቅረት እንደሚችል አየ።

«እንግዲህ ስሚኝ» አላት። «ሐኪሙ ሱቁን ዝጋ አለኝ፤ አልዘጋም። ሐሳቡ የተዛባውን ከወንበሬ እንጠግናለን፣ ደንበኛም ፂሙ እስኪያድግ አይጠብቅም። የተሰበረው ወደ ሱቅ ይምጣ፤ መሸከም ያቃተውን አንቺ ትወጪለታለሽ፣ ጉልበት አለሽ። ግን ከሱቁ በር ላይ በትልቁ ጻፊልኝ፤ እኛ ቀድመን ለማንም ደውለን ‹አስገቡን› አንልም። እንዲህ ብሎ የደወለ በስማችን ቢምል እንኳ ሌባ ነውና ይዘጋበት። ባለቤቱ ሳይከፍት አንገባም፣ ባለቤቱ ሳያይ አንነካም። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ደግሞ እኔ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ፤ ቤቷ ምድር ቤት ነው።»

«ብቻዬን ብሆን የመጀመሪያውን ሶፍትዌር ነበር የምገዛው» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ። «ጥሩ ተከራከሩኝ።»

«አንቺም። በጄ ብያለሁ።» ወደ ስልኩ ዞረ። «መምህር፣ እንግዲህ ሥራው ካለቀ፣ በሥርዓቱ መሠረት አንተ ራስህ...»

ስክሪኑ ጠፋ። «ባለቤቱ ግንኙነቱን ዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ቀረ። «ልጆቹ ገብተዋል፣ ውጣልኝ» የሚል ድምፅ ከላይ ወረደ፤ በሩም ተዘጋ።

ጋሽ ካቻቢቴ የደረጃውን ብረት ይዞ ተነሳ። ቦርሳውን ልጅቱ ተቀበለችው፤ አልተከራከራትም።

«አየሽ፣ አባረረን» አለ በኩራት፣ ወደ ታች መውረድ እየጀመረ። «እንግዲህ የምንገዛው ይቺን ነው።»