የእንግዳ ቀን መድኃኒት

ደብረ ብርሃን፣ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፤ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ልጇን ቤዛዊትን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሳይደርሱ፣ ከጓሮ ባለችው የስፌት ክፍል ውስጥ፣ መዳፏ ላይ አራት ክኒን ይዛ ታናሽ ወንድሟ አያልነህ ፊት ቆማለች።

የሺመቤት፦ ዋጠውና ገላግለኝ።

አያልነህ፦ አልውጥም አልኩሽ እኮ፣ እትዬ።

የሺመቤት፦ ያንተው መድኃኒት ነው። መርዝ አልሰጠሁህ።

አያልነህ፦ የኔማ ነው። የኔ ግን አንድ ነው፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ። አንቺ የያዝሽው አራት ነው፤ ሰዓቱም ገና ስምንት ተኩል ነው።

የሺመቤት፦ የነገውንና የከነገ ወዲያውን ዛሬ ብትውጠው ምን ልዩነት አለው? የሚገባው እዚያው ሆድህ ውስጥ ነው።

አያልነህ፦ እንደሱ ከሆነ አንቺም የሳምንቱን ምሳ ዛሬ ብዪና እስከሚቀጥለው እሑድ እንዳትራቢ።

የሺመቤት፦ አፍህስ አልታመመም መቼም።

አያልነህ፦ እሱን ሐኪሙም ብሎኛል።

የሺመቤት፦ አያልነህ፣ ሰዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። እኔ ገና ነጠላዬን እንኳ አልለበስኩም። ውሃ ከፈለግህ ይኸው፣ አረቄም አለ። በአረቄ ብታወራርደው ቶሎ ይይዝሃል።

አያልነህ፦ መጠጥ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይነካም። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?

የሺመቤት፦ እሺ፣ ሦስት ዋጥ።

አያልነህ፦ ገበያ አይደለንም።

የሺመቤት፦ ሁለት። ሁለት ዋጥና ሌላውን ለኔ ተወው።

አያልነህ፦ ሂጂ ልበሺ። እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ። ድምፄን አትሰሚም።

የሺመቤት፦ የገና ዕለትም እንዲሁ ብለህ ነበር። እንዲሁ ብለህ፣ አንገትህን አጣመህ፣ ዓይንህን ጣራው ላይ ሰቅለህ እንግዳ መሀል ገባህ። ምራቅህ በአገጭህ ይወርዳል። ያን ቀን የአጥቢያው ሰው ሁሉ ጉዴን አየ።

አያልነህ፦ እኔ ደግሞ የታየሁት እኔ መስሎኝ።

የሺመቤት፦ ያንተማ ድሮም የታወቀ ነው።

አያልነህ፦ አንገቴ ለምን እንደተጣመመ ታውቂያለሽ?

የሺመቤት፦ ሰይጣንህ ተነስቶ ነዋ።

አያልነህ፦ ብርዙ ውስጥ ስንት ከተትሽልኝ?

የሺመቤት፦ የምን ብርዝ?

አያልነህ፦ የገና ዕለት ጠዋት፣ "ጾም ፈትተሃል፣ ጉሮሮህን አርጥብበት" ብለሽ ያመጣሽልኝ። ስንት ፈጭተሽ ከተትሽ?

የሺመቤት፦ ማነው ይሄን የነገረህ?

አያልነህ፦ መድኃኒቴ ወር ሳይሞላ ያልቃል። ነርሷ፣ አንተ ነህ እየደራረብክ የምትውጠው ብላ ተቆጣችኝ። ቤቴ ገብቼ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የሚጎድለው ገና፤ የሚጎድለው እንቁጣጣሽ፤ የሚጎድለው የማኅበር ተራሽ የደረሰ ቀን። ሰይጣኔ እንግዳ ይወዳል ማለት ነው።

የሺመቤት፦ ሦስት ናት። ሦስት ብቻ። እንድትተኛ ብዬ እንጂ ልገድልህ ነው?

አያልነህ፦ ልትገድይኝ ነው አላልኩም። ሐኪሙ ግን አንገትህ ከተገተረ፣ ሰውነትህ ከደረቀና ትኩሳት ከመጣብህ ሳታድር ና ብሎኛል። አንቺ ወዴት ይዘሽኝ ሮጥሽ?

የሺመቤት፦ ጠበል። ጠበል መውሰድም ጥፋት ሆነ?

አያልነህ፦ ጠበሉማ ምን አደረገኝ? ሐኪሙም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህን ግን አታቋርጥ ነው የሚለው። እኔን ያቃጠለኝ ሁለት ቀን በገመድ መታሰሬ ነው። አንቺ በፈጨሽው ክኒን ሰይጣን አለበት ተብዬ ታሰርኩ። አንቺ ደግሞ አጠገቤ ቆመሽ ታለቅሻለሽ።

የሺመቤት፦ ያለፈውን አታንሳብኝ። ዛሬ የልጄ ቀን ነው።

አያልነህ፦ የኔም የእህቴ ልጅ ናት። አባቷ የለም። አባት ከሌለ ሽማግሌ የሚቀበለው አጎት ነው።

የሺመቤት፦ አጎትማ አዘጋጅቻለሁ።

አያልነህ፦ ማንን?

የሺመቤት፦ አቶ ከፍያለውን።

አያልነህ፦ ባለወፍጮውን? ጎረቤታችንን?

የሺመቤት፦ ሰው ፊት መቀመጥ የሚያውቅ ሰው ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም።

አያልነህ፦ ስሟንስ ያውቃል?

የሺመቤት፦ ሦስት ጊዜ አስጠንቼዋለሁ።

አያልነህ፦ እውነተኛው ወንድምሽ የት አለ ቢሉሽስ?

የሺመቤት፦ አይሉኝም።

አያልነህ፦ ለምን?

የሺመቤት፦ ሞቷል ብያቸዋለሁ።

አያልነህ፦ መቼ?

የሺመቤት፦ ባለፈው ወር የልጁ እናት ሲጠይቁኝ።

አያልነህ፦ እሱን አይደለም። የሞትኩት መቼ ነው?

የሺመቤት፦ ስምንት ዓመቱ ነው አልኳቸው።

አያልነህ፦ በምን?

የሺመቤት፦ በወባ። ቆላ ወርደህ ስትመለስ።

አያልነህ፦ ደህና አሟሟት ነው። ምን አሉሽ?

የሺመቤት፦ ነፍስ ይማር አሉኝ።

አያልነህ፦ አንቺስ?

የሺመቤት፦ አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

አያልነህ፦ አለቀስሽልኝ?

የሺመቤት፦ ትንሽ። ላንተ ግን አይደለም። ስምንት ዓመት ሙሉ "ምነው በሆነ" እያልኩ በሆዴ የያዝኩትን ነገር አፌ ሲያወጣው ሰምቼ ነው ያለቀስኩት።

አያልነህ፦ ይሄስ አራቱን ክኒን ያስንቃል።

የሺመቤት፦ እውነቱን ከፈለግህ እውነቱ እሱ ነው። ከዘራችን እብድ የለም ብዬ ምዬላቸዋለሁ። አሁን አንተ ብቅ ብትል ልጄ ቆማ ቀረች ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በአጎቷ ስም ስንት ሽማግሌ ተመልሶባታል፤ ታውቃለህ?

አያልነህ፦ እንግዲያው ቆልፊብኝ። ቁልፉን ይዘሽ ሂጂ። መስኮቱንም ከፈለግሽ በብርድ ልብስ ጋርጂው። የሞተ ሰው ዝም ማለት አያቅተውም። አራት ክኒን ግን አልውጥልሽም።

የሺመቤት፦ ዝም አትልም። ትለፈልፋለህ።

አያልነህ፦ ድምፅ ከሰማሁ ዓመት አለፈኝ። እሰፋለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ይሄን የለበስሽውን ቀሚስ ማን ሰፋው?

የሺመቤት፦ እጅጌውን አጣመህብኛል።

አያልነህ፦ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ለሱም ሌላ መድኃኒት ጨምረውልኛል፤ እየተወኝ ነው።

የሺመቤት፦ ታዲያ ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የምታወራው?

አያልነህ፦ የምን ማታ?

የሺመቤት፦ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ ከእራት በኋላ። ሐሙስ ዕለት በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ። "ዛሬስ አስቸገሩሽ?" ትላለህ። "አትፍሪ፣ ያልፋል" ትላለህ። ከማን ጋር ነው? ከነዚያ ከሚያነጋግሩህ ጋር አይደል?

አያልነህ፦ አይደለም።

የሺመቤት፦ ታዲያ ከማን ጋር ነው?

አያልነህ፦ ተይው።

የሺመቤት፦ አየህ፣ ተነስቶብሃል። አራት ያልኩት ለዚህ ነው።

አያልነህ፦ ቢነሳብኝ እንኳ የሚጨምርልኝ ሐኪም ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

የሺመቤት፦ የእናታችንን ክንድ ስትሰብር ሐኪሙ እዚህ ነበር? እኔ ነኝ የነበርኩት።

አያልነህ፦ እሱን አሁን አታንሺው።

የሺመቤት፦ አነሳዋለሁ። እጇን ወደ አፏ ማድረስ አቅቷት ነው የሞተችው። ፊቷን የማጥባት፣ የማጎርሳት እኔ ነበርኩ። አንተ ደግሞ ጥግ ይዘህ ታያት ነበር።

አያልነህ፦ መድኃኒቴን ሽንት ቤት የደፋው ማነው?

የሺመቤት፦ ተሽሎህ ነበር።

አያልነህ፦ የተሻለኝ ስለምውጠው ነበር። ተሻለህ ብለሽ ደፋሽው። ሃያ ቀን እንኳ አልሞላኝም። እናቴ የእናቴን ቀሚስ የለበሰ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ክንዷን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም፤ ሳላስበው ያደርኩበት ቀን የለም። አንቺ ግን አንድ ቀን እንኳ አስበሽው ታውቂያለሽ?

የሺመቤት፦ ጨረስክ?

አያልነህ፦ ጨረስኩ።

የሺመቤት፦ እንግዲያው እኔም ልንገርህ። አስተኚው የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ቤዛዊት ናት ያለችኝ።

አያልነህ፦ ምን አለችሽ?

የሺመቤት፦ "ጋሼን አስተኚልኝ፣ ሰው ፊት ወጥቶ እንዳያሳፍረኝ" አለችኝ።

አያልነህ፦ ቤዛ?

የሺመቤት፦ አዎ፣ ቤዛ። በጀርባህ አዝለህ ያሳደግካት፣ ዩኒፎርም የሰፋህላት። እሷም ሰልችተሃታል።

አያልነህ፦ ቤዛ እንዲህ አትልም።

የሺመቤት፦ አለች እኮ ነው የምልህ። ማርያምን።

አያልነህ፦ በማርያም አትማይ። እየዋሸሽ ነው።

የሺመቤት፦ በምን አወቅህ?

አያልነህ፦ ሐሙስ የሰማሽኝ ከእሷ ጋር ሳወራ ነው።

የሺመቤት፦ ከማን ጋር?

አያልነህ፦ ከቤዛ ጋር። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ የምትመጣው እሷ ናት። የእሷም መድኃኒት እዚሁ ነው ያለው፣ ከጨርቆቹ ሥር። አብረን ነው የምንውጠው። እኔ የኔን አንድ፣ እሷም የሷን አንድ።

የሺመቤት፦ የምን መድኃኒት?

አያልነህ፦ እጅሽ ላይ ያለውን ዓይነት።

የሺመቤት፦ ውሸታም። አንተ እብድ ውሸታም።

አያልነህ፦ ዘጠኝ ወር ሆናት። ከጣራው ላይ ሰዎች ስሜን እየጠሩ ይሰድቡኛል አለችኝ። ለኔ የነገረችኝ እብድ ስለሆንኩ ነው፤ ለማን ትንገር? መጀመሪያ ከኔ መድኃኒት ልትውጥ ነበር። የሰው መድኃኒት አይዋጥም ብዬ እጇን ይዤ ወሰድኳት። አሁን የራሷ ካርድ አላት፣ መጠኑም በሷ ልክ የታዘዘ ነው። ተሽሏታል። ሥራ ገብታ የለ? ማን አወቀባት?

የሺመቤት፦ አንተ ነህ ያስያዝካት።

አያልነህ፦ ጉንፋን አይደለም፣ እትዬ።

የሺመቤት፦ ባንተ ብርጭቆ ስትጠጣ፣ ባንተ ፍራሽ ላይ ስትቀመጥ... እግዚአብሔር ይይልህ።

አያልነህ፦ ይየኝ።

የሺመቤት፦ ቆይ። ዛሬም ትውጣለች?

አያልነህ፦ ማታ፣ እንደ ሁልጊዜው።

የሺመቤት፦ አትውጥም። እስከ ሰርጉ ድረስ ይቅርባት። እጇ ቢንቀጠቀጥ፣ ዓይኗ ቢፈዝ ያዩባታል። ካገባች በኋላ እንዳሻት ትሁን።

አያልነህ፦ ሰርጉ መቼ ነው?

የሺመቤት፦ ጾሙ ሲፈታ፣ ከፋሲካ በኋላ።

አያልነህ፦ ሦስት ወር ማለት ነው። እኔ ሃያ ቀን እንኳ አልሞላኝም አልኩሽ እኮ አሁን። እሷንስ የማንን ክንድ ልታሰብሪያት ነው? ያንቺን?

የሺመቤት፦ ጸልየን እናሳልፈዋለን።

አያልነህ፦ ጸልዪላት። እየዋጠች ጸልዪላት። የጎንዮሽ ችግር ካመጣባትም ለሐኪሟ ትነግራለች፤ ይቀንሱላታል ወይ ይለውጡላታል። በገዛ እጅ ማቆም የለም።

የሺመቤት፦ ልጁ ቢያውቅስ? እናቱ ቢሰሙስ?

አያልነህ፦ ልጁ ያውቃል።

የሺመቤት፦ ምኑን ነው የሚያውቀው?

አያልነህ፦ ሁሉንም። ራሷ ነግራዋለች። የቀጠሮዋ ቀን ካርድ ክፍል የሚሰለፍላት እሱ ነው። ባለፈው ሳምንትም ሱሪ ሰፍቼለታለሁ፤ ወገቡን ስለካው ሳቅ ያለው ለምን እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ፤ የሚለካው በወባ የሞተ ሰው ነበር።

የሺመቤት፦ ለሱ ከኔ በፊት ነገረችው?

አያልነህ፦ አዎ፣ ካንቺ በፊት።

የሺመቤት፦ በሩ ተንኳኳ። መጡ መሰለኝ።

አያልነህ፦ ሂጂ ክፈቺላቸው።

የሺመቤት፦ ይጠብቁ። እኔ እናቷ አይደለሁም? ዘጠኝ ወር አንድ ቤት ውስጥ እያደርን፣ አንድ ማዕድ እየቀረብን፣ ለምን አልነገረችኝም?

አያልነህ፦ ለእሷ የገባሁትን ቃል በልቻለሁ፤ ይበቃኛል። ይሄን እንኳ ልተውልሽ።

የሺመቤት፦ ለምን አልነገረችኝም ነው የምልህ። ተናገር።

አያልነህ፦ የገናን በዓል ተመርኩዛ ልትነግርሽ ቆርጣ ነበር። ያን ቀን ምራቄን ስትጠርግልኝ የብርዙን ብርጭቆ አነሳችው፤ ሥሩ ላይ የቀረውን ዱቄት አየችው። ከዚያ ወዲህ እማዬ እንዳትሰማ ትለኛለች፤ "ካወቀች በእንግዳ ቀን እኔንም ታስተኛኛለች።"