ለእማዬ የተቀመመው ቅባት

ይግቡ እትዬ፣ እዚህ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጡ። ሙቀቱ አይጣል ነው መቼም። የኩሽናውን በር ክፍቱን ይተዉት፤ ነፋስ ይግባበት፣ ብርጭቆ የምታጥበውም የቤታችን ሰው ብቻዋን እንዳይደብራት...

እማዬ ጋደም ብላለች። ዛሬ ዓይኗ ተገልጧል፣ ተመስገን ነው። ምን ሆና ነበር አሉኝ? ምን ትሆናለች፣ ፍቅር በዝቶባት ነው እንጂ። አንዲት የቤታችን ሰው... ስም ምን ያደርጋል፣ ወንድሜ አግብቶ ያመጣልን በረከት ናት... ራሷ የቀመመችውን የፊት ቅባት በብልቃጥ ይዛላት መጣች። ሽታው ቤቱን ያውደዋል። ለሌላው ትሸጠዋለች፣ ለእማዬ ግን በነጻ። ደግ አይደለችም?

ብዙም ሳይቆይ የእማዬ ፊት ቀላ፣ አሳከካት፣ የዓይኗ ቆብ አብጦ ተደፈነ። እኔ ሽፍታ የሚመጣው ከጫካ ብቻ ይመስለኝ ነበር... ለካ ጉንጭ ስሞም ይገባል። «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ ይጨመርላት» ተባልን። ጨመርን። እማዬ ስታነባ ዋለች። ከአንጀት ከቀቡ እንባ አይገድም አይደል የሚባለው?

የቆዳ ሐኪሙ ግን ምቀኛ ሳይሆን አይቀርም። ገና ሲያያት «ምን ተቀብተው ነበር?» አላት። የትኛው እንደማይስማማት ለመለየት ቅባት ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ለየብቻ የያዘ ትንንሽ ፕላስተር ጀርባዋ ላይ ደረደረላት። ከሁለት ቀን በኋላ ሲነሳ ሽቶ ያለበት ቦታ ብቻ ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። «አለርጂ ነው፤ ዋናው መድኃኒት የማይስማማዎትን መራቅ ነው» አለ። ለማሳከኩ ለጥቂት ቀን የሚቀባ አዘዘላት፣ ከዚያ በኋላ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ብቻ። መራቅ... የቤተሰብ ነገር እንዴት ይራቃል፣ እትዬ?

እማዬማ ብልቃጡን ደብቃ፣ ሴትየዋ በመጣች ቁጥር እንዳይከፋት ብላ ከቅባቱ አገጯን ነካ ነካ ታደርግ ነበር። ትናንት ነጥቄ ጣልኩት። «አስባልኝ እኮ ነው» ብላ አለቀሰች።

አላሰበችም ማን አለ? መጀመሪያ ራሷ ላይ ሞክራዋለች እኮ፤ አንገቷን አቃጥሎ ልጧት ነበር አሉ። «ለእኔ ቆዳ ከበደ» ብላ ነው ለእማዬ ያዛወረችው። ወንድሜ ነው እየሳቀ የነገረኝ። ለራሷ ሳታስቀር ብልቃጡን እንዳለ ለአማቷ የምታስረክብ ዛሬ ከየት ይገኛል?

ይጠጡ እንጂ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔ መቼም ቂም አላውቅም፤ ስጸልይ እሷን ሳላነሳ አልተኛም። እግዜር የእጇን አይንሳት። ዕድሜ ሰጥቷት፣ ልጇ አድጎላት... ልክ እንደ እሷ የምታስብላት ምራት ያምጣላት።