ኦቦ ቀጄላ የደበቁት መርዶ

መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ታክሲው ፉሪ ላይ ባያወርደን ኖሮ ይህን ሁሉ መች አይ ነበር! በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበታ የታመሰችበት ሰሞን ነው። አብራን ከወረደች ፀዲ ከምትባል የሥነ ልቦና አማካሪ ጋር እያወጋን በእግር ስንሄድ ጎረቤቴን ኦቦ ቀጄላን አገኘናቸው። ልጃቸው ቦጂያ በግርግሩ ከጭነት መኪና ወድቆ አከርካሪው ተጎድቷል። ሐኪሙ ዳግም በእግሩ እንደማይሄድ ለአባትየው ነግሯቸዋል። ልጁ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ምግብ አልቀምስ፣ ሰው አላናግር ብሏል፤ እንዳናጣው ፈርተናል።

«አካም ጅርቱ፣ ወዴት ናችሁ?» ብለው ሰላም አሉን።

«ወደ እርስዎ ቤት ነኝ አባቴ» አለች ፀዲ፣ የቦጂያ አባት መሆናቸውን ስነግራት። «ቦጂያ ቁጥሬን ከሆስፒታሉ አግኝቶ ደውሎልኝ ነው። የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ።»

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ልጄ እብድ አይደለም።»

«ማን እብድ ነው አለ? አካሉ ባንድ ቀን የተለወጠበት ሰው ኀዘን አለበት። ኀዘኑን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።»

«እኛ አለንለት። ጠያቂው ሁሉ ‹በቅርቡ ትነሳለህ› እያለ ያጽናናዋል። አንቺ ገብተሽ እውነቱን ልታረጂው ነው? መርዶ እኮ እንዲህ በድንገት አይነገርም። ሰውየው በልቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው።»

«ልክ ነዎት። ታዲያ ለቦጂያ መቼ ይነገረው?»

«ሲበረታ ነዋ።»

«ሳይበላ በምን ይበረታል?»

«በሉ ኑ» ብለው ወደ ቤታቸው መሩን። እኔ አስተማሪው «ይንገሩት» እያልኩ ስንት ሳምንት ስከራከራቸው ይህቺን ጥያቄ ማን ነጥቆኝ ነው? ደስ አለኝ፣ ቀናሁም።

ቤት እንደገባን ኦቦ ቀጄላ «አይዞህ፣ ትነሳለህ» ብለው ጀመሩ።

«አባባ» አለ ቦጂያ፣ «ሐኪሙ ሲነግርዎት ነቅቼ ነበር። እርስዎ እንዳይሰበሩ ብዬ ያልሰማሁ መሰልኩ። ቀኑን ሙሉ ማስመሰሉ ነው የደከመኝ።»

ኦቦ ቀጄላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ልማዴ ነውና «በቃ፣ ተዉ» ልል ስል ፀዲ በእጇ ከለከለችኝ። አባትና ልጅ ተቃቅፈው እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ከዚያ ቦጂያ ቂንጬ ጠየቀ።

እነሆ ወራት አለፉ። ፀዲ በየሳምንቱ ትመጣለች። እግሩ አልተነሳም፤ የሚዋሸውም የለም። እንቅልፉ ተመልሷል፣ በተሽከርካሪ ወንበሩ ማፈር ትቷል፣ ደጃፍ ላይ ሞባይል ይጠግናል፣ ከደንበኛ ጋር ይስቃል። በምክር ብቻ ይህ ሁሉ ይሆናል ብሎ ማን ገመተ! ወገኖቼ፣ የተሰበረ አከርካሪ ያለበት ቤት ካለ ልብም እንደሚታከም አትርሱ።

ባለፈው ሳምንት ፀዲ ልትሄድ ስትነሳ ኦቦ ቀጄላ በር ላይ ጠበቋት። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጄ» አሏት፣ «አንቺ ዘንድ አባትም ይታከማል?»